ቀይ ገለባ

ወርቅቱ ለቅሶ ቤት ገብታ እንኳ አርፋ መቀመጥ አይሆንላትም። ሬሳው ሳይወጣ ድንኳን ታስወጥራለች፣ እንጨት ፈላጩን ትቆጣለች፣ የሟችን ሚስት «ተነሺና ፊትሽን ታጠቢ፤ ለቅሶው የትም አይሸሽሽም» ትላለች። የገዛ ባሏ ሲቀበር ራሱ «ጉድጓዱ ጠቧል፤ ሰውዬው በሕይወቱም ሲገላበጥ ነበር የሚያድረው» ብላ ቆፋሪዎቹን እንደገና ያስቆፈረች ሴት ናት።

እንዲህ ያለችውን የሸማኔዎች ማኅበር ቀለም ቤቱ ላይ ማስቀመጡ ሞኝነት አልነበረም። ቀለም እንደ ወተት ነው፤ ዞር ካሉበት ይገነፍላል። ቱባውን ክር የፈላው በርሜል ውስጥ መንከር፣ በዱላ ማገላበጥ፣ ጨው መበተን፣ አሁንም ማገላበጥ፣ አውጥቶ አጥቦ ገመድ ላይ መስቀል ነው። ጨዉ በደንብ ካልገባበት ቀለሙ ክሩን አይዝም፤ በመጀመሪያው ዝናብ ይለቅና ባለቤቱን ከሰው ፊት ያዋርዳል። ወርቅቱ ለጨው እጇ አያጥርም። «የምትነክሪው ክር ነው ወይስ የምታበስይው ወጥ?» ይሏታል ሸማኔዎቹ። «እናንተ ምን ታውቃላችሁ፣ ተቀምጣችሁ መርገጥ ነው!» ትላቸዋለች።

ቀለም ቤት ስለተባለ ትልቅ ነገር እንዳይመስል። ከአምቦ ወደ ጉደር ከሚወስደው መንገድ ዝቅ ብሎ፣ ግድግዳ የሌለው የቆርቆሮ ጣሪያ ነው። ከሥሩ ጅረት ይወርዳል። ከጅረቱ ወረድ ብሎ ሆራው አለ፤ ከምድር እየተንፈቀፈቀ የሚወጣው ጨዋማ ውኃ፣ የአካባቢው ከብት ሁሉ በተራ የሚጠጣው።

ያ ክረምት የቀይ ክረምት ነበር። ለመስከረሙ የአብዮት በዓል ከላይ እስከ ታች ያለ መሥሪያ ቤት ሁሉ ቀይ ጨርቅ ፈልጓል፤ ማኅበሩም ቀይ፣ ቀይ፣ አሁንም ቀይ ሲል ከረመ። ወርቅቱና የሥራ ጓደኛዋ ካሰች ከሰኔ ጀምረው ሌላ ቀለም አላዩም። በርሜሉ ሥራውን ሲጨርስ ወደ ጅረቱ ይደፉታል። የት ይደፉት ታዲያ? ውኃ የሚሄደው ወደ ታች ነው።

በነሐሴ አንድ ቀን ኦቦ ኩምሳ ዝናቡን እየሰነጠቀ መጣ። ጋቢው ከብት ከብት ይሸታል፣ ዱላው እንደ ሁልጊዜው ከሰውየው ቀድሞ ይደርሳል።

«ኤሬ ወርቅቱ! ማል ጎቴ? ምን አድርገሽ ነው ወንዙን ያረድሽው?»

«ወንዝ ይታረዳል እንዴ? ቢላዋ ይዤ አየኸኝ?»

«ቀልቷላ!»

«ጎርፍ ነው። የላይኛው ማሳ አፈሩ ቀይ እንደሆነ ጠፋህ?»

«እኔ አፈርና ቀለም የማልለይ ሆኜ ነው? የሠፈሩ ልጆች እግራቸውን ነክረው እንሶስላ እንደሞቀች ሙሽራ ሆነው መጡ!»

ካሰች ሳቀች። ወርቅቱ ዓይኗን ስታፈጥባት ሳቋን ዋጠች።

ኩምሳ የወርቅቱ የሟች ባሏ ታናሽ ወንድም ነው። በአገሩ ወግ ወንድሙ ሲሞት ሚስቱን ሊወርስ ይገባው ነበርና ሽማግሌ ይዞ መጥቶ ነበር። ወርቅቱ ሽማግሌዎቹን አብልታ ካጠገበች በኋላ፣ «አንዱን ቀብሬዋለሁ፤ ይኼን ደግሞ ስቀብረው ማን ሊወርሰኝ ነው? ወንድሞቹ አለቁ እኮ» ብላ ሸኘቻቸው። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ሲነጋገሩ እሾህ አይጠፋበትም፤ ሳቅም አይጠፋበትም። አሁን ግን ኩምሳ የታችኛው ገበሬ ማኅበር ሊቀ መንበር ሆኗል፤ ዱላው ክብደት ጨምሯል።

«ስሚ» አለ፣ ከጣሪያው ሥር ገብቶ ጋቢውን እየጨመቀ። «ክረምት ነው፣ ሆራው ተዘግቷል፣ ጎርፉም ያጥበዋል። እሺ። በጥቅምት ግን ሆራው ይከፈታል። የዚያን ቀን ውኃው ውስጥ አንዲት ቀይ ነገር ከታየች፣ ወይ ደግሞ ዳለቲ አሽትታ ከተመለሰች፣ ቀለም ቤትሽ ያበቃለታል። በርሜሎችሽን ገልብጬ የውሻ ቤት ነው የማደርጋቸው። ጉባኤው ወስኗል።»

ዳለቲ የኩምሳ ግራጫ ላም ናት። ሆራ ሲከፈት መንጋውን እየመራች መጀመሪያ የምትጠጣው እሷ ናት። እሷ ካልጠጣች የማንም ከብት አይጠጣም፤ ሆራውም በዚያ ቀን አይከፈትም። ሊቀ መንበር ቢመጣ፣ አውራጃ ቢመጣ፣ በሆራ ላይ የመጨረሻው ቃል የዳለቲ ነው።

«ጨርሰሃል?» አለች ወርቅቱ።

«ጨርሻለሁ።»

«እንግዲያው ከእሳቴ ራቅ በል፤ ጋቢህ ሲደርቅ ሽታው ቀለሜን ያበላሽብኛል።»

አፏ ይህን አለ። ሐሳቧ ግን ልጇ ቤት ደርሷል። ቀለም ቤቱ ከተዘጋ የሚቀራት ልጇ ቤት ገብታ፣ ምራቷ በምትሰጣት ዱካ ላይ ተቀምጣ፣ ጥጥ እየፈተለች ሞቷን መጠበቅ ነው። መቀመጥ! ምራቷ ጨዋ ልጅ ናት፤ «እማዬ አይነሱ፣ እማዬ ይረፉ» ትላለች። ወርቅቱ ይህን ስትሰማ የሚገንዟት ይመስላታል።

ከጓሮዋ ያለችውን ክፍል የተከራየ አሻግሬ የሚባል የሁለተኛ ደረጃ አስተማሪ ነበር፤ ኬሚስትሪ ነው የሚያስተምረው። የጎጃም ሰው፣ መነጽሩ ከፊቱ የሚሰፋ፣ ዝምተኛ ልጅ። ወርቅቱ የመጣባትን ሁሉ ዝናብ እያየች ስትለፈልፍ ሰምቶ ኖሮ ከበሩ ላይ ሆኖ፣

«እማማ ወርቅቱ፣ ቀለሙን ክር የሚይዘው ከሆነ ጭድም ሊይዘው ይችላል እኮ» አላት። «ጥጡም ጭዱም ከአትክልት የመጡ ናቸው። ውኃውን ከመድፋትዎ በፊት በጭድ ውስጥ ቢያሳልፉት ቀለሙ ጭዱ ላይ ይቀራል።»

«ጭድ!» አለች ወርቅቱ። «አንተ የምን አገር ሰው ነህ? በክረምት የከብት ጭድ ወስጄ ቀለም ላጠጣው? ኩምሳ እኔን ራሴን ጠምዶ ነው የሚያርስብኝ።»

«ከብት የማይበላው ነገር የለም?»

ወርቅቱ አፏን ለስድብ ከፍታ እንደከፈተች ቀረች።

«የኑግ ገለባ» አለች ቀስ ብላ።

እውነትም የኑግ ገለባ ነው። ኑጉ ተወቅቶ ፍሬው ሲነሣ አውድማው ዳር ተቆልሎ የሚቀረው ጥቁር፣ ሻካራ ነገር፣ እሳት ካልበላው በቀር የትኛውም ከብት አፉን የማይሰድበት። የተራበ አህያ እንኳ አሽትቶት ያስነጥሰዋል። ዓምና የተቆለለው በየአውድማው እንዳለ ነው። በማግስቱ ወርቅቱና ካሰች በጆንያ ማጋዝ ጀመሩ። ያየ ሁሉ ሳቀ። «ወርቅቱ ኑግ ልትጨምቅ ነው፤ ፍሬው ቀርቶ ከገለባው!» አሉ።

አሻግሬ በርሜል ለሁለት አስቆርጦ፣ ሥሩን በምስማር አስበስቶ፣ አንዱን ከአንዱ ዝቅ አድርጎ ተዳፋቱ ላይ ደረደራቸው። ገለባውን ጠቀጠቁት። የቀዘቀዘውን ቀይ ውኃ ከላይ አፈሰሱ። ወርቅቱ ከታች ቅል ይዛ ተንበርክካ ጠበቀች። ጠብ አለ። ጥቁር ሻይ የመሰለ ነገር ነው የወጣው።

«ደግ!» አለች። «ኩምሳ ቀይ እንዳይሆን አለ እንጂ ጥቁር እንዳይሆን መች አለ።»

«የገለባው የራሱ ቀለም ነው» አለ አሻግሬ አፍሮ። «አስቀድሞ መታጠብ ነበረበት።»

አጠቡት። ነሐሴ ፀሐይ የት አለና ነው የሚደርቀው? ከቀለም እሳቱ በላይ ቆጥ ሠርተው በጭስ አደረቁት። ካሰች ዓይኗ በጭስ፣ አፍንጫዋ በቀለም አልቆ፣ «እኔ ሰው መሆኔ ቀርቶ ቋንጣ ሆንኩ» ትላለች። እንደገና ጠቀጠቁ፣ እንደገና አፈሰሱ። በዚህ ጊዜ የሚወርደው ነጣ ያለ ነበር፤ ግን አወራረዱ! ጠብ… ይልና ያስባል። ጠብ… ይልና አሁንም ያስባል። ወርቅቱ ደም ሥሯ ተገተረ። በርሜሉ ሞልቶ ይጠብቃል፣ ማኅበሩ ቀይ ክር እያለ ይጮሃል፣ ይህ ደግሞ እንደ ንፉግ ሰው ዕንባ ይንጠባጠባል። ዱላዋን አነሣችና ገለባውን ወጋ፣ ወጋ አደረገችው። ውኃው ቱር ብሎ ወረደ። እንደገባ፣ ቀይ ሆኖ።

አሻግሬ ከከተማ ሲመለስ ጭንቅላቱን ያዘ። «እማማ ወርቅቱ፣ መንገድ ከፈቱለት እኮ! ገለባው ቀለሙን የሚይዘው ውኃው ሲያዘግም ነው። እባክዎ አይንኩት፤ ይተዉት!»

«መተው!» አለች። «መተው የሚባለውን ነገር የት ነው የሚያስተምሩት? ልመዝገብ።»

ከዚያ በኋላ ውኃው እስኪወርድ ድረስ ራሷን ከቀለም ቤቱ የምታርቅበት ዘዴ ፈጠረች። አፍስሳ ስታበቃ ዱላዋን ለካሰች ሰጥታ ወደ ከተማ ትወጣለች። ገበያ ገብታ የማትገዛውን ዕቃ ዋጋ ትከራከራለች፣ ከማርያም ደጃፍ ከቆሎ ሻጮች ጋር ትጣላለች፣ ሳታስበው ተመልሳ ትወርዳለች። «ወረደ?» «ገና ነው።» ትመለሳለች። የሠፈሩ ሰው «ወርቅቱ ምን ጠፋባት?» ይባባላል። ለማንም አትነግርም። በመስከረም አጋማሽ ግን ከመጨረሻው በርሜል ሥር የሚወጣው ውኃ ቅሉ ውስጥ ተቀምጦ የቅሉ ሥር ይታይ ጀመር። ያን ዕለት ወርቅቱ ካሰችን አቅፋ ጉንጯን ነከሰቻት።

ገለባው ጠጥቶ ሲጠግብ ቀለም ማሳለፍ ይጀምራል። ያን ጊዜ አውጥተው ከቀለም ቤቱ ጀርባ፣ ከከብቱ መንገድ ዳር ይቆልሉታል፤ ሌላ ይተካሉ። ቁልሉ ቀስ በቀስ አደገ፣ ጉብታ አከለ፣ እንደ በርበሬ ክምር ቀላ። ማንም ሁለተኛ አላየውም። የኑግ ገለባ ነዋ! አሻግሬ የሚያስበው ስለ ውኃው ነው፤ ወርቅቱ የምታስበው ስለ ኩምሳ ነው። በየበርሜሉ ይበተን ስለነበረው ጨው ያሰበ አልነበረም። ጨዉም ከቀለሙ ጋር ገለባው ውስጥ ገብቶ ቁጭ ብሏል።

ጥቅምት ገባ። ወንዶቹ ሆራው ውስጥ የገባውን የክረምት ደለል ጠርገው አወጡ። በመክፈቻው ማለዳ ሽማግሌዎቹ እርጥብ ሣር ይዘው መረቁ፤ ከብቱ ከላይ ከታች ተሰብስቦ ይጮሃል። ክረምቱን ሙሉ ጨው ያልቀመሰ መንጋ ነው፤ ሆራው ሲሸተው ልቡ ይጠፋል። ወርቅቱ ከአፋፉ ላይ ቆማ የነጠላዋን ጫፍ ታኝካለች። አሻግሬ አጠገቧ ቆሟል፤ እሱ ደግሞ ጥፍሩን።

ኩምሳ ነጭ የብረት ኩባያ አወጣ። ሆን ብሎ ነው ነጭ ያመጣው። ቀድቶ ወደ ፀሐይ አነሣው። አዟዟረው። ቀመሰው።

«ውኃ ነው» አለ፣ ጥርሱን እንዳመመው ሰው።

«ምን ሊሆን ኖሯል፣ ጠጅ?» አለች ወርቅቱ ከላይ። ሰው ሳቀ።

ዳለቲን ለቀቋት። አንገቷን እየሰበቀች ወረደች፣ ከውኃው አፍ ደረሰች፣ ዝቅ አለች። ከዚያ ራሷን ቀና አድርጋ አፍንጫዋን ወደ ነፋሱ መለሰች። ቆመች። ዞረች።

«ዞረች!» አለ አንዱ። «ዋቃ ኮ! ዳለቲ ዞረች!»

ወርቅቱ ከዚያ በኋላ የሆነውን ስታስታውሰው መጀመሪያ የሚመጣባት ድምፁ ነው፤ የመንጋው ኮቴ። ዳለቲ ሽቅብ ሮጠች፣ መንጋው ተከተላት። ሽማግሌዎቹ ሣራቸውን ይዘው ወደ ዳር ተበተኑ። ከብቱ በወርቅቱ ግራና ቀኝ አልፎ ቀለም ቤቱን ዞሮ ቁልሉ ላይ ወደቀ። ሰዎቹ ሮጠው ሲደርሱ ላምና በሬው ተጋፍቶ፣ ማንም እንስሳ የማይነካውን የኑግ ገለባ እንደ ማር ይበላል። አፋቸው፣ አፍንጫቸው፣ ጉሮሯቸው እስከ ታች ቀይ ነው።

«ደም!» ብላ አንዲት ሴት ጮኸች።

«ደም አይደለም» አለች ወርቅቱ።

ከብቱን በዱላ አስለቀቁት። ኩምሳ የዳለቲን መንጋጋ ፈልቅቆ ምላሷን አየ፤ እንደ በርበሬ ነው። ወደ ወርቅቱ ሲዞር ፊቱ ላይ ቀልድ የሚባል አልነበረም። «ይቺ ላም ከሞተች፣ ስለ ቀለም ቤት አይደለም የምንነጋገረው» አላት።

ዳለቲን ወደ በረቷ ወሰዷት። ወርቅቱም ማንም ሳይጠራት ተከተለች። የተልባ ውኃ አጠጧት፣ ሆዷን አሹት። ወርቅቱ ላሟን ትዞራለች፤ በቀኝ ዞራ ዓይኗን ታያለች፣ በግራ ዞራ ሆዷን ትደስሳለች፣ ደጅ ትወጣለች፣ ትመለሳለች። የኩምሳ ሚስት ድንቅቱ ታግሣ ታግሣ፣ «አደ ወርቅቱ፣ ወይ ላሟ ትሙት ወይ እርስዎ ይቀመጡ፤ ሁለቱን አልቻልኩም!» አለች። ከሰዓት በኋላ ዳለቲ ጅራቷን አነሣችና እበት ጣለች። ቀይ ነው። ሁሉም ጎንበስ ብሎ አየ። ላሟ ግን ምንም እንዳልሆነች ማመንዠክ ጀመረች፤ ቀጥሎም ወደ በሩ ሄዳ በግንባሯ ገፋችው። ሌላ ገለባ ፈልጋ ነው።

አልሞተችም። ከሌሎቹም አንድ አልሞተ። በማግስቱ ዳለቲ ከሆራው ጠጣች፤ ሆራው ተከፈተ። ወርቅቱ ቁልሉን በእሾህ አጠረች፤ እረኞቹ እሾሁን እያነሡ ከብታቸውን ያስገቡ ጀመር። ብታባርርም ከጀርባዋ ይመለሳሉ። ነገሩ ያልገባት ኩምሳ ራሱ በሳምንቱ ቅቤ በቅል ይዞ እየሳቀ እስኪመጣ ድረስ ነው።

«የወንድሜ ሚስት፣ አንቺ እኮ ጉድ ነሽ!» አለና ሳይጠራ ተቀመጠ። «ጨው እንደሆነ ኅብረት ሱቅ ጠፍቷል። ሆራው በተራ ነው። የኑግ ገለባ ደግሞ ስናቃጥለው የኖርነው ነገር ነው። አንቺ ሁለቱን አንድ ላይ አድርገሽ ለከብት አበሰልሽው! ጉባኤው ተነጋግሯል። ገለባውን ለእኛ ትሰጭናለሽ፤ ቀለም ቤትሽን ማንም አይነካውም። እኔ ነኝ ያልኩሽ። ከላይ ቢመጡም እኛ ነን የምንቆምልሽ።»

ቅቤውን አስቀምጦላት ሄደ። ወርቅቱ «እሺ» ለማለት የቀራት ትንፋሽ መሳብ ብቻ ነበር። ይኸው! ያለመችውን ሁሉ፣ ከዚያም በላይ፣ አምጥቶ እጇ ላይ አኖረላት። ከቅቤው ግማሹን አናቷ ላይ አድርጋ ደስ ብሏት ወደ በርሜሏ ተመለሰች።

ከኋላዋ ካሰች ተናፈጠች። ጣቷን በቅጠል ስትጠርግ ቅጠሉ ቀይ ሆነ። አዲስ ነገር አልነበረም፤ ሁለቱም ሲናፈጡ ቀይ፣ ሲተፉ ቀይ ከሆኑ ቆይተዋል። ቀይ ያልወጣባቸው ነገር የለም። ያን ቀን ግን ወርቅቱ ቅጠሉን ከመሬት አንሥታ ተመለከተችው።

አሻግሬ እስኪመጣ ድረስ በክፍሉ በር ላይ ተመላለሰች።

«ይህ ቀለም ላም ሆድ ገብቶ ምን ይሆናል?»

«አላውቅም፣ እማማ ወርቅቱ።»

«ተምረህ?»

«አንዳንዱ ቀለም ምንም አያደርግም። አንዳንዱ ቆይቶ የሚገድል መርዝ ነው። ይኼ ከየትኛው እንደሆነ አላውቅም፤ የምጠይቀውም ሰው እዚህ የለም።»

ወርቅቱ ተናደደች። «መርዝ ነው» ቢላት ይሻላት ነበር፤ «ደህና ነው» ቢላት ደግሞ የበለጠ። ይህ ልጅ ግን እንደ ገለባው ነው፤ ጠብ አድርጎ ያስባል።

እሑድ ጉባኤው ከትልቁ ዋርካ ሥር ሲቀመጥ ወርቅቱ ሄደች። ሁሉም በፈገግታ ተቀበላት፤ በርጩማ ሰጧት። አልተቀመጠችም።

«ገለባውን አልሰጥም» አለች።

ጉምጉምታ ሆነ። ኩምሳ የሰማውን ያላመነ መስሎ ጆሮውን ኮረኮረ። «ማል? ቀለም ቤቴ ይዘጋ ነው የምትይን?»

«ከብቶቹ የሚበሉት እኔ የምተፋውን ነው። ወተቱ ላይ ምን እንደሚመጣ የሚያውቅ የለም።»

«ወተቱማ ነጭ ነው! እንደ ጥጥ ነጭ። እኔ ራሴ አይቻለሁ።»

«እንግዲያው ጠጣዋ። የዛሬውን የዳለቲን ወተት አስመጣና እዚሁ፣ ጉባኤው ፊት ጠጣ። እኔም ገለባውን በእጄ አመጣልሃለሁ።»

ቤቱ ቅርብ ነው። ድንቅቱ በጮጮ ይዛ መጣች። ወተቱ እውነትም ነጭ ነው፣ አረፋው እንዳለ ነው። ኩምሳ በዋንጫ ተቀበለና ወደ ሰዉ አሳየ። ወደ አፉ አስጠጋው። ቆየ። ሰው ሁሉ ጢሙን ያያል።

«ምነው፣ ትኩስ ነው እንዴ?» አለች ወርቅቱ። «እፍ ልበልልህ?»

«ትናንትና… ሆዴን አሞኝ ነበር።»

«ድንቅቱ!» አለች ወርቅቱ ፊቷን ወደ ሚስትየው አዙራ። «ከዚያ ቀን ወዲህ የዳለቲን ወተት ቤታችሁ ጠጥቶት ያውቃል? እውነቱን።»

ድንቅቱ ባሏን አየች፤ ከዚያ መሬቱን። «ኧረ አልጠጣንም። ልጆቹን እንዳትነኩ ብሎኛል። ጥጃው ይጠባል፤ የተረፈውን እንንጠዋለን።»

«ትንጡታላችሁ! ቅቤውንስ?»

ድንቅቱ ጮጮውን ከደነች። ኩምሳ ወደ ዋርካው ቅርንጫፍ አንጋጠጠ። ወርቅቱ ቀስ ብላ እጇን ወደ አናቷ ወሰደች።

«አንተ ሰው» አለች፣ «ግማሹ እዚህ አናቴ ላይ ነው!»

ዋርካው ሥር የነበረው ሰው በሳቅ ተንከተከተ። አንድ ሽማግሌ ምርኩዙን ለቆ ተንከባለለ። ኩምሳ ሊቆጣ ሞክሮ ነበር፤ አልሆነለትም። ዋንጫውን መሬት አስቀመጠና ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። ከጋቢው ሥር ትከሻው ይነቃነቅ ነበር፤ ከሐፍረት ይሁን ከሳቅ አልለየም።

ሳቁ ሲበርድ ነገሩ ተቆረጠ። ገለባው ለከብት አይሰጥም። ወርቅቱ ጥልቅ ጉድጓድ አስቆፍራ ትቀብረዋለች። ውኃው ንጹሕ እስከሆነ ድረስ ቀለም ቤቱ ይቆያል። ወርቅቱ እንዲህ ብላ አሸንፋ ገባች፤ ያን ቀን ከተማውን ሁሉ ብትዞረው ማንም አይፈርድባትም ነበር። አልዞረችም። በቀጥታ ዶማ ይዛ ከቀለም ቤቱ ጀርባ መቆፈር ጀመረች፤ ካሰች አፈሩን ታወጣለች።

ከወገብ በላይ ሲደርሱ አፈሩ ጨለመ። ትንሽ ወረድ ሲሉ ራሰ። ከዚያ ከዶማዋ ጥርስ ሥር እንደሚፈላ ድስት ቡልቅ አለ። ወርቅቱ ጣቷን ነክራ ላሰችው። ጎምዘዝ፣ ጨው ጨው ይላል። የሆራው ጣዕም ነው።

ወጣችና ሽቅብ ሄደች፣ ሌላ ቦታ ቆፈረች። እዚያም ራሰ። አሻግሬ አመሻሽ ላይ ሲመጣ በጭቃ ተለውሳ አገኛት።

«እዚህ የቀበርኩት የት ይሄዳል?» አለችው።

አሻግሬ ጉድጓዱን አየ፣ ወደ ታች ወደ ሆራው አየ፣ መነጽሩን አወለቀ። ዛሬ ግን አልተናደደችበትም።

በማግስቱ ጠዋት ካሰች ስትመጣ ወርቅቱ በባልዲ ውኃ ከበርሜሎቹ ሥር ያለውን እሳት ስታጠፋ ደረሰችባት። ጭሱ ጣሪያውን ሞልቶታል።

«አብደሻል?» አለች ካሰች። «ኩምሳ እንኳ ተወው እኮ! ማን ዝጊ አለሽ?»

«ማንም።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ የምንጥልበት እስክናገኝ ምን እንንከር? አየሽው እኮ፣ ቀይ ነገር ነው፤ ከውኃው ስናወጣው ገለባ ውስጥ ገባ፣ ከገለባው ስናወጣው ላም ውስጥ ገባ። አሁን ደግሞ መሬት ልናጎርሰው ነው።» ባልዲውን ወረወረችው። «ሸማኔዎቹ ከመጡ፣ ወርቅቱ ዘግታ ሄደች በያቸው። ለኩምሳም እንዲሁ በይው። እሱ ዘጋው ብለሽ ግን እንዳታወሪ! የዘጋሁት እኔ ነኝ።»

ዶማዋን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ሽቅብ ወጣች። መንገዱን ተሻግራ፣ ከጥዱ አልፋ፣ ድንጋያማው ጉብታ ጋ ስትደርስ ኩምሳ ከታች ከብቱን እየነዳ አያት። እሳቱ መጥፋቱን ሰምቶ ኖሮ እጁን በአፉ ዙሪያ አድርጎ ጮኸ።

«ወርቅቱ! ኤሬ፣ ወዴት ነው?»

«ደረቅ መሬት ፍለጋ!»

«እዚህ አገር ደረቅ መሬት የለም! ሁሉም ከሥሩ ውኃ ነው!»

«ቆፍረህ አይተኸዋል?»

ኩምሳ ዱላውን ተደግፎ ቆመ። ከብቱ አልፎት ሄደ። ወርቅቱ ግን አልጠበቀችውም፤ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ አስራ የመጀመሪያውን ድንጋይ በዶማዋ መታችው። አልበገር አለ። ዞራ ሌላ መታች።